መካከለኛው ዲቪዲ

«በመጨረሻ ዳኛው ራሱ ከወንበሩ ወርዶ እጁን ይሰጣል። እኔማ እንባዬን መያዝ አቃተኝ» ስትል ሰፊዋ እናቷን ሰማቻትና የስፌት መኪናዋን ፔዳል ገታ አደረገችው። እናቷ በረንዳው ላይ የታጠበ አንሶላ እያሰጣች ለጎረቤቷ የምትተርከው፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩትን ፊልም ነው። ዳኛው ከወንበሩ ሲወርድ ግን አላዩም። ዳኛው እንደተቀመጠ፣ መዶሻውን አንሥቶ ሊመታ ሲል፣ የዲቪዲ ማጫወቻው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ትንሽ አጉረመረመ፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆነ። እናቷ እንደ ወትሮው ተነሥታ አጠፋችው፣ በዳንቴሉ ሸፈነችውና «ይኸው አለቀ» አለች። ልጅቷም እንደ ወትሮው ወደ ስፌቷ ተመለሰች። አሁን ግን ያላለቀው ፊልም ከነእንባው አልቆ ስትሰማው ልትስቅም ልታዝንም ቃጣትና፣ ሁለቱንም ትታ የጀመረችውን የቀሚስ ጠርዝ መስፋቷን ቀጠለች።

ማጫወቻው የአጎቷ ምርጫ ነው። አጎቷ፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሚዛን ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ነበሩ። የገበያውን ሚዛን ሁሉ እየዞሩ ይፈትሹና ልክ ነው ያሉትን በእርሳስ ማኅተም ያትሙታል። ከዚህ የተነሣ ዘመድ በሌሉበት «ማኅተም» ይላቸዋል፣ ባሉበት «ጋሼ»። ዲቪዲ ማጫወቻ ሊገዙ የወጡ ዕለት ርካሹን አይተው «ይኼ የልጅ መጫወቻ ነው» አሉ፤ ውዱን አይተው «ይኼ የሚሸጠው ስሙን ነው» አሉ፤ በዋጋ ከሁለቱ መሐል ያለውን አይተው ዝም አሉ። ዝም ካሉ ታተመ ማለት ነው። «መካከለኛ ነገር አያኮራም፣ አያሳፍርምም» ብለው ለዘመድ አዝማዱ አስታወቁ። ውሎ ሳያድር አክስቷ ገዛች፣ የአክስቷ ልጅ ሹፌሩ ገዛ፣ አባቷ ገዛ፤ ለወንድሟ ደግሞ ለሠርጉ ስጦታ ከጋሼ ደረሰው። ጋሼ የመረጡትን ያልገዛ ሰው ቢኖር ጋሼ ምንም አይሉትም ነበር፤ ምንም አለማለታቸውን የሚችል ትከሻ ግን በቤተሰቡ ውስጥ አልተገኘም። የሰው ነገር በሁለት ወገን ይታያልና ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። አባቷ ታሞ እስኪቀበር ድረስ ጣጣውን ሁሉ የያዙት እሳቸው ናቸው። ይህችን የስፌት መኪና አማርጠው በትከሻቸው ደረጃውን ያወጡላትም እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው የመረጠውን ዕቃ «መሐል ላይ ይቆማል» ብሎ የሚናገር ምን ዓይነት ምላስ ነው?

ፊልሙስ ይቅር። ፊልም እናቷ ራሷ ትጨርሰዋለች፤ ከሠሪዎቹም አሳምራ ትጨርሰዋለች። የማይቀረው የወንድሟ ሠርግ ነው። የሠርጉ ቀን የአዳራሹ ወጥ ቤት ሠራተኞች ከአለቃቸው ተጣልተው ጥለው ሄዱ፤ የሙሽራው እናት በአዲሱ ቀሚሷ ላይ ሽርጥ አስራ ድስት መሐል ገባች። ሰፊዋ ደግሞ፣ ሰው የረገጠውን የሙሽራዋን ቬሎ ልትጠግን በጎን ባለው ክፍል በጉልበቷ ተንበርክካ መርፌዋን በጥርሷ ይዛ ነበር። ሁለቱም ሲወጡ ንግግሩ አልቆ ሰው ይበላል። ዓመት ሳይሞላ አባቷ ሞተ። ለልቅሶ የመጣችው አክስቷ እናቷን አቅፋ «ሠርጉ ላይ ማይክሮፎን ይዞ አንቺን እንዴት እንዳነሣሽ መቼም አትረሺውም!» አለቻት። እናቷ «ምን ብሎ?» በማለት ፈንታ ራሷን ነቀነቀች። ራስን አንዴ ከነቀነቁ ወዲያ ጥያቄ የለም፤ መጠየቅ «በልጄ ሠርግ አልነበርኩም» ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ያሳፍራል። ስለዚህ ገና ያልደረሰውን የሠርጉን ሲዲ ጠበቀች። ሲዲው መጣ። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ተጨበጨበ፣ ኬኩ ቀረበ፣ ሁለት እጅ አንድ ቢላዋ ይዞ ኬኩ ውስጥ ሲገባ ማጫወቻው ቀጥ አለ። በማግስቱም እዚያው ቆመ። በጥጥ ጠረጉት፣ ወደ ፊት አስሮጡት፤ ቢላዋው ጋ ሲደርስ ያው ነው። ሰፊዋ ለጥገና ይወሰድ ብትል እናቷ «ጠጋኙ አፈ ሰፊ ነው፤ ጋሼ ጆሮ ቢገባስ?» አለች። በሥራ ምክንያት ሩቅ ከተማ ያለው ወንድሟ ሲደውልም «የእናንተው ዲቪዲ እንዴት ነው?» ትለዋለች። «የእኛማ ጥሩ ነው፣ እማዬ። የእናንተስ?» «የእኛማ በጣም ጥሩ ነው» ትላለች፤ ከዚያ ሁለቱም ስለ አየሩ ማውራት ይጀምራሉ።

የመጨረሻው አንሶላ ተሰጥቶ ሳያበቃ ስልኩ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ጋሼ በስልክ ሲያወሩ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣሩ ነው፤ ሰፊዋ ከጓዳ ሆና ቃል በቃል ሰማች። ከላያቸው ያለውን ቤት የተከራየው ፋርማሲስት ዲቪዲ ሊገዛ አስቧል፤ ግን ዕቃውን የገዙትን ሰዎች አስተያየት ሳይሰማ አይገዛም፤ አስተዋይ ሰው ነው፤ ዛሬ ምሳ እሳቸው ዘንድ ነው፤ ሁሉም አስተያየቱን ይዞ ይምጣ። እናቷ «እሺ ጋሼ» ብላ ስልኩን ዘጋችና አስተያየቷን እንደ ቀሚስ ታዘጋጅ ጀመር።

«ምን ልበል? ድምፁ ጥሩ ነው ልበል?»

«ድምፁን አክስቴ ባለፈው ብላዋለች።»

«እንግዲያው ቀለሙን እላለሁ» አለች እናቷ፤ ልብሷን ልትቀይር ገባች።

ሰፊዋ ብቻዋን ስትቀር ዳንቴሉን ገለጥ አድርጋ ከማጫወቻው ሥር የሠርጉን ሲዲ አወጣችና ለደንበኛ በምታደርሰው ሸሚዝ መሐል አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሐሳቧ ነገሩ ቀላል ነው። የተበላሸው የእነሱ ማጫወቻ ነው እንጂ፣ የጋሼ ጤነኛ ነው፤ ከሁሉ በፊት የተመረጠው፣ ምስክሩ እሱ ነው። እሳቸው ቤት ቁጭ ብለው ስንት ፊልም አይተዋል። ዛሬ ሲዲው እዚያ ይገባል፣ አባቷ ይናገራል፣ እናቷ ትሰማለች፣ ማንም ምንም ሳይጠይቅ ነገሩ ያልፋል።

በመንገድ ላይ በዕቃ መሸጫው መስኮት አጠገብ አለፉ። ማጫወቻው እንደ ብር አብርቶ ከነዋጋው ተደርድሯል፤ ግራው ላይ ርካሹ፣ ቀኙ ላይ ውዱ፤ እሱ መሐል ላይ፣ በሁለት ባለሥልጣናት መካከል ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ጭምት ብሎ። በላዩ «ደንበኞች የመሰከሩለት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እናቷ ቆም ብላ አነበበችው። «እኛን ነው» አለች፤ ስታላግጥ ይሁን የምሯን አይታወቅም።

የጋሼ ሳሎን ወንበሮቹ ከነፕላስቲካቸው የተቀመጡ፣ ሰው ሲቀመጥም ሲነሣም የሚንጫጩ ናቸው። ማጫወቻው ከቴሌቪዥኑ ሥር መስታወት ላይ አለ፤ ከፋብሪካ የመጣበት ተለጣፊ አልተላጠም። አክስቷና ሹፌሩ ቀድመው መጥተዋል። የጋሼ ሚስት፣ ሁሉም እትዬ የሚላት፣ ከሳሎን ማድቤት ትመላለሳለች፤ እናቷ ገና ሰላምታዋን ሳትጨርስ እጅጌዋን ሰብስባ ተከተለቻት፤ በምርቃትም ሆነ በልቅሶ እናቷ ከማድቤት ውጪ ተገኝታ አታውቅም። ፋርማሲስቱ ቀጭን ሰው ነው፤ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ መነጽሩን በሸሚዙ ይጠርጋል፤ ስለ ዲቪዲ ሲጠይቅ መድኃኒት እንደሚያዝ ሰው ነው።

«ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበትስ? የጎንዮሽ ችግር የለውም?»

«ኧረ ምንም!» አለች አክስቷ። «አቧራ እንኳ አይዝም።»

«ድምፁ ኩልል ያለ ነው» አለ ሹፌሩ። «እኔ መኪናዬ እንደሱ ቢሆንልኝ ሌላ አልመኝም። አይጮህ፣ አያጨስ።»

«ኤሌክትሪክ አይበላም» አሉ ጋሼ፤ ይህን ያሉት ሁሉንም በማጠቃለል ነው። ፋርማሲስቱ በአክብሮት ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠና፣ ጨዋታ ለማራዘም ይመስላል፣ የዳኛውን ፊልም አይተው እንደሆነ ጠየቀ። ሁሉም አይተውታል፤ ሲዲው ከቤት ቤት ሲዞር የከረመ ነው። «መጨረሻው አይገርምም?» አለ ፋርማሲስቱ። አክስቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የዳኛው ልጅ አባቷን ይቅር ስትል እንዳለቀሰች ተናገረች። ሹፌሩ «ልክ ነው» አለና፣ ከዚያ በኋላ ጠበቃው ዳኛውን በጥይት ሲመታው አለመጠበቁን ጨመረ። አክስቷ «አዎ፣ እሱስ» አለች። እናቷ ከማድቤት ሳህን ይዛ ብቅ ስትል ዳኛው እጁን የሰጠበት ቦታ ልቧን እንደነካው ተናግራ ተመለሰች፤ ሹፌሩም «እሱም አለ» አለ። ማንም ማንንም አላረመም። እርስ በርሳቸው በጨዋነት ተያዩ፤ እያንዳንዱ ሌላው ያየውን ያላየ መሆኑ እንዳይታወቅበት የፈራ ይመስላል። ፋርማሲስቱ መነጽሩን አደረገ፤ አወለቀ። «እኔ ሳየው ሁሉም የዳኛው ሕልም ነበር፤ በመጨረሻ ነቃ» አለ በቀስታ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ፊልም እንደየተመልካቹ ነው» ብለው ነገሩን አተሙት።

ሰፊዋ ጊዜው አሁን መሆኑን አወቀች። ሸሚዙን ከቦርሳዋ አውጥታ ፈታችው። «ጋሼ፣ የወንድሜን ሠርግ ይዤ መጥቻለሁ። የእርስዎ ዲቪዲ ደህና ስለሆነ እንግዳውም በዓይናቸው ቢያዩት ብዬ ነው።» ጋሼ ሲዲውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። እንግዳ ፊት እምቢ አይባልም። «ሠርግ ረጅም ነው» አሉ። «ትንሽ አይተን እንበላለን።» እናቷ ከማድቤት በር ላይ ሽርጥ እንዳደረገች ቆማ ልጇን አየቻት። የሲዲውን መምጣት አላወቀችም ነበር። ወደ ማድቤቱ ግን አልተመለሰችም።

ሙሽሮቹ ገቡ። ተጨበጨበ። አክስቷ የራሷን ቀሚስ አይታ «ያኔ እንዲህ ወፍሬ ነበር?» አለች። ሹፌሩ «አሁንም አትታሚም» አላት፤ በመከዳው መታችው። ፋርማሲስቱ የምስሉን ጥራት አደነቀ። ኬኩ ቀረበ፤ ሁለት እጅ አንድ ቢላዋ ያዘ፤ ቢላዋው ክሬሙን ሰንጥቆ ገባ፤ ቀጥ አለ። ማጫወቻው አጉረመረመ። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆነ።

«በሉ፣ እዚህ ላይ ምሳ እንበላለን» አሉ ጋሼ፤ ድንገት ብድግ ሲሉ ፕላስቲኩ ተንጫጫ። ይህን ያሉት ባለፈውም፣ ካለፈው በፊትም ባሉበት ድምፅ ነው፤ ሰፊዋ ያን ጊዜ ገባት። እዚህ ቤት ፊልም ታይቶ ምሳ ያልቀረበበት ቀን የለም፤ ምሳ ቀርቦ ወደ ፊልሙ የተመለሱበት ቀንም የለም። «ፊልም ሲበዛ ዓይን ያደክማል» ይባላል፤ ወሬ ይነሣል፤ ፍራፍሬ ይመጣል፤ እንግዳው ይሸኛል። አጎቷን ቀና ብላ አየቻቸው። የሚዛን ማኅተም አድርገው የኖሩት እጆቻቸው ሪሞቱን ይዘው የሚጫኑትን ያጣሉ።

ቀድማ የተናገረችው አክስቷ ናት፤ አስባ ሳይሆን አምልጧት ነው። «ውይ፣ እኛ ቤትም ልክ እዚችው ቢላዋ ላይ ነው እኮ የሚቆመው።»

ሹፌሩ መጀመሪያ ጣሪያውን አየ፤ ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «እኔ የእኔ ብቻ ነው ብዬ ስንቴ አፌን ይዤ! ያ ጠበቃ ሰው ይግደል አይግደል እግዜር ይወቅ፤ እኔማ ዝም ብዬ ነው የገደልኩት!» እትዬም ከበሩ ላይ በዝቅተኛ ድምፅ «እኔም በዕለተ ሰንበት ሁሉ ወጥ የማፋጥነው ለሱ ነበር» አለች። ጋሼ ሁሉንም በየተራ አዩ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ለዓመታት ልክ ነው ብለው ያለፉት ሚዛን ጎድሎ የተገኘባቸው ሰው ነው የሚመስሉት። «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ። «እርስዎስ ለምን አልነገሩንም?» ብሎ ለመመለስ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚበቃ ዕድሜ ያለው ሰው አልነበረም።

ፋርማሲስቱ በሰው ቤት ጠብ መሐል የተገኘ መስሎት ተነሣ። «እኔ አሮጌው አለኝ፤ ርካሽ ነው፤ ክዳኑ ወልቋል፤ ባለቤቴ ሰው ፊት አሳፈረኝ ብላ ነው አዲስ የምትለው እንጂ ይሠራል። ላምጣው?» ማንም እሺ ሳይል ሄደ። ጥቁር ነገር በብብቱ ይዞ ተመለሰ፤ ወገቡ በላስቲክ ታስሯል። ቦታ ስላልነበረ በብርማው የጋሼ ማጫወቻ ላይ ጫኑት። ሰፊዋ ሲዲውን ከታችኛው አውጥታ ለላይኛው ሰጠችው፤ ወደ ፊት አስሮጠችው። ቢላዋው ኬኩ ውስጥ ገባ፤ ከኬኩም ወጣ። እናቷ ሽርጧን ሳትፈታ የሚቀርባት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

አባቷ ማይክሮፎኑን ተቀበለ። በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ እፍ አለበት። «ይሰማል?» አለ። ከዚያ አዳራሹን ዙሪያውን አየ። «እሷ የት አለች?»

«ማን?» አለ አንድ የማይታይ ሰው።

«የልጁ እናት ናታ! ብቻዬን አሳደግኩት እንዴ? እሷ ሳትኖር አልናገርም። ጥሯት።»

ቆሞ ጠበቀ። ቪዲዮ አንሺው የሚያነሣው ቸግሮት አበባውን አነሣ፤ ጣሪያውን አነሣ፤ ተመልሶም አባቷን አነሣው፤ አሁንም እንደቆመ ነው፤ ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ይዞ የወጥ ቤቱን በር ያያል። ማንም አልሄደም። ከዚያ በጥቁር ሱፍ የለበሱ፣ ካሁኑ ይልቅ ጠጉራቸው ያልሸበተ ጋሼ ወደ ምስሉ ገቡ። «ተዋት፣ ሥራ ላይ ናት። ምግቡ ይቀዘቅዛል። አምጣ እኔ ልናገር» አሉ። አባቷ ማይክሮፎኑን ለታላቁ ሰጠ። ዓይኑን ከበሩ ሳያነሣ ቁጭ አለ። ጋሼ ጋብቻ እንደ ሚዛን መሆኑን ማስረዳት ጀመሩ።

ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ጋሼ መስኮቱን ያያሉ። መስኮቱ ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ መጋረጃው ተዘግቷል። አክስቷ ከንፈሯን ነክሳ ምንጣፉን ታያለች፤ «አነሣሽ» ያለችው ውሸት አልነበረም፤ የቀረውን ግን ያኔ ልቅሶ ላይ መንገር አልቻለችም፣ ከዚያ በኋላም የሚመች ቀን አልመጣም።

«መልሺው» አለች እናቷ።

ሰፊዋ መለሰችው። አባቷ እንደገና ማይክሮፎኑን መታ መታ አደረገ፣ እፍ አለበት፣ አዳራሹን ዙሪያውን አየ። «እሷ የት አለች?» አለ።

«አለሁ» አለች እናቷ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ በር ሲንኳኳ ከውስጥ እንደምትመልሰው ነው። ጋሼ ማይክሮፎኑን ሊቀበሉ ከመግባታቸው በፊት ሰፊዋ ራሷ አቆመችው። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው በላስቲክ የታሰረው ማጫወቻ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። እናቷ ሽርጧን ፈታች፤ አጠፈችው፤ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

ፋርማሲስቱ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። የሚናገረው ነገር ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው የመጣበትን ጉዳይ ነው። «እርስዎ ግን... ስለ ዲቪዲው ያለዎትን አስተያየት አልሰማሁም» አላት።

እናቷ አንዱ በአንዱ ላይ የተጫኑትን ሁለቱን አየች። ቀለሙን ልትናገር ነበር የመጣችው። «የእኛው ጥሩ ነው» አለች። «የሚቆምበትን ያውቃል።»

ጋሼ ከመስኮቱ ተመለሱ። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ባዶ ሳህኖች ሰበሰቡና፣ ማንም ገብተው አይቷቸው ወደማያውቀው ወደ ማድቤቱ ይዘዋቸው ገቡ። ድስት ሲከደን ሲከፈት ተሰማ። ቁም ሳጥን ተከፈተ፤ የማይሆነው ቁም ሳጥን ነበር መሰል ተዘጋ፤ ሌላ ተከፈተ። ቀጥሎ አንድ ሳህን ወድቆ ተከሰከሰ።

እትዬ ከበሩ ወደ ማድቤቱ ልትሮጥ ዞረች። እናቷ ካጠገቧ የቀሚሷን ጫፍ ያዝ አደረገቻት።

«ተያቸው፣ እትዬ» አለቻት። «ሥራ ላይ ናቸው።»